የጥንት ግሪኮችን ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የግሪክ ታሪክና ፍልስፍና ተምሮ ምን ሊበላበት ነው?» ይባላል። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሚያስቸግሩት የጥናቱ ጠበቆች ናቸው። ወይ ያጋንናሉ፣ ወይ ያላነበቡትን ያደንቃሉ።

ከጥቅስ መጀመር

በፌስቡክና በቴሌግራም የሚዞሩ «የሶቅራጥስ አባባሎች» ብዙዎቹ የእሱ አይደሉም። ጉልበትህን አሮጌውን በመታገል ሳይሆን አዲሱን በመገንባት ላይ አውለው የሚለውን ሳታዩት አትቀሩም። ተናጋሪው እ.ኤ.አ. በ1980 በታተመ የአሜሪካ መጽሐፍ ውስጥ ያለ፣ ሶቅራጥስ የተባለ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ነው! የአቴናው ሶቅራጥስ አንድም ጽሑፍ አልተወም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ለፍርድ ቀርቦ ያደረገውን ክርክር የጻፈልን ተማሪው ፕላቶ ነው። አጭር ነው፤ አንድ ምሽት ይበቃዋል።

«የፈረንጅ ነገር ነው» ብሎ መተው

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕርን ንግድ በግሪክኛ የመዘገበ ሰው፣ በአዱሊስ በኩል ስላለው አገር ገዢ ስለ ዞስካሌስ ጽፏል። ለንብረቱ ስስታም፣ በሌላው ጨዋ፣ የግሪክ ጽሕፈትም የሚያውቅ ነው ይለዋል። (ስስቱን ቢያልፈው ምን ነበረበት?) የአክሱም ነገሥታት የመጀመሪያ ሳንቲሞቻቸውን ያስቀረጹት በግሪክኛ ነው። የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ላይም ግሪክኛው ከግዕዙ ጋር አለ።

በሌላ በኩል ደግሞ የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር «ነቀፋ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን» ብሏል እያልን ደረት የምንነፋ አለን። ብሏል። ግን የእሱ ኢትዮጵያውያን ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት የዓለም ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። የዛሬውን ካርታ እዚያ ላይ መለጠፍ አያስኬድም።

አቴናን እንደ ታቦት ማየት

«የዴሞክራሲ እናት» በምትባለው ከተማ ሴቶች፣ ባሪያዎችና ከሌላ አገር የመጡ ነዋሪዎች ድምፅ አልነበራቸውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ416 አቴናውያን ትንሿን የሜሎስ ደሴት አልገብርም ስላለች ከበቧት። እጇን ስትሰጥ የያዟቸውን ወንዶች ገደሉ፤ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ለባርነት ሸጡ። ይህን የነገረን ጠላታቸው እንዳይመስላችሁ። የአቴና የጦር አዛዥ የነበረው ቱሲዲደስ ነው። በዓመቱ ደግሞ የአቴናው ጸሐፌ ተውኔት ዩሪፒደስ የወደቀችውን የትሮይን ሴቶች መድረክ ላይ አወጣ። ባል የሞተባቸው፣ ለአሸናፊዎቹ የሚከፋፈሉ ሴቶች ያለቅሳሉ። ከተመልካቾቹ መካከል ለሜሎሱ ውሳኔ እጅ ያወጡ ሳይኖሩ አይቀሩም። ዩሪፒደስ በተውኔት ውድድሩ ሁለተኛ ወጣ። እንደኔ ከሆነ የዚህ ጥናት ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ የራስን ጥፋት በራስ ቋንቋ፣ በራስ አደባባይ የሚናገር ሰው ማግኘት። የሚያወድሱ ሐውልቶች የትም ሞልተዋል።

«ሰው ያደርጋል» ብሎ ቃል መግባት

ይህ ጥናት ጨዋ ሰው አያደርግም። ሆሜርን በቃሉ የሚወጣ ጨካኝ ሊኖር ይችላል።

ኢሊያድን ከዳር እስከ ዳር ካልጨረስኩ ማለት

ኢሊያድ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት የገጠመው ረጅም ግጥም ነው፤ ክፍሎቹ «መጽሐፍ» ይባላሉ። ብዙ ሰው የሚሰለቸው 2ኛው መጽሐፍ ላይ ነው። መርከብ፣ አዛዥ፣ የመጣበት አገር፣ እንደገና መርከብ። እለፉት፤ ማንም አይቆጣችሁም። 1ኛውን አንብባችሁ ወደ 24ኛው ብትሄዱም ያስኬዳል። ሽማግሌው የትሮይ ንጉሥ ፕሪያም በሌሊት ወደ ጠላት ሰፈር ገብቶ፣ ልጆቹን የገደለውን የግሪኩን ጀግና የአኪለስን እጅ ይስማል። የልጁን የሄክቶርን ሬሳ ሊለምን ነው። «አባትህን አስብ» ይለዋል። ሁለቱም ያለቅሳሉ። በኋላ አኪለስ እራት ያቀርብለትና ለቀብሩ ስንት ቀን እንደሚፈልጉ ይጠይቀዋል። ፕሪያም ይቆጥራል፦ 9 ቀን ለቅሶ፣ በ10ኛው ቀብር፣ በ11ኛው መቃብሩን መከመር፣ በ12ኛው ግድ ከሆነ ውጊያ። አኪለስም ይስማማል።

የእንጨቱን ፈረስ የምትጠብቁ ካላችሁ ኢሊያድ ውስጥ የለም። በሌላው የሆሜር ግጥም፣ ኦዲሲ ውስጥ ፈልጉት።