ለጌምና ለቪዲዮ ሥራ የሚሆን ራም እንዴት እንደሚመረጥ

ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ) ሲገዛ የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው በማሸጊያው ላይ ጎልቶ በተጻፈው የፍጥነት ቁጥር ላይ ነው፤ ሲኤል የሚባለውን የመዘግየት ቁጥር ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱ አብረው ካልተነበቡ ውዱ ራም ከርካሹ ላይሻል ይችላል።

በመጀመሪያ ማዘርቦርድዎ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) የሚቀበለው የቀድሞውን የራም ትውልድ ዲዲአር4ን ይሁን አዲሱን ዲዲአር5ን ያረጋግጡ፤ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም። ቀጥሎ መጠኑን ይወስኑ። ለጌም 16 ጊጋባይት ዛሬም ያስኬዳል፣ 32 ግን ያሳርፋል። የ4ኬ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ከ32 በታች አልመክርም፤ ምክንያቱም ራሙ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ትርፉን ወደ ዲስክ መገልበጥ ስለሚጀምር፣ ያንን መጓተት የትኛውም የራም ፍጥነት አይክሰውም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። የሲኤሉን ቁጥር በ2000 አባዝተው ለፍጥነቱ ቁጥር ሲያካፍሉ መዘግየቱን በናኖሰከንድ ያገኛሉ። ሲኤል 16 የሆነ ዲዲአር4-3200 10 ናኖሰከንድ ይሰጣል፤ ሲኤል 30 የሆነ ዲዲአር5-6000ም እንዲሁ 10 ነው፤ ሲኤል 40 የሆነ ዲዲአር5-4800 ግን አዲስ ትውልድ ሆኖ ሳለ ወደ 16.7 ይደርሳል። የአዲሱ ትውልድ ብልጫ በአንድ ጊዜ በሚያጓጉዘው የመረጃ ብዛት ላይ ነው፤ በሁለት ቻናል (ሁለት ራሞች ጎን ለጎን መረጃ ሲያስተላልፉ) 3200ው በሰከንድ እስከ 51.2 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ 6000ው እስከ 96 ያስተላልፋል። ጌም ከተበታተነ ቦታ ጥቃቅን መረጃ ስለሚለቅም የመዘግየቱ ነገር ይሰማዋል፤ ትልልቅ ፋይል የሚያቀነባብሩ ሥራዎች ደግሞ ብዛቱን ይወዳሉ።

ለኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ምርጫዬ 6000 ባለ ሲኤል 30 ነው። እንደ 7800ኤክስ3ዲ ያለ 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማስታወሻ) ያለው ፕሮሰሰር ከያዙ ግን፣ ለፈጣን ራም የሚከፍሉት ተጨማሪ ገንዘብ በጌም ላይ ብዙም አይታይም።

ራሙን በአንድ ማሸጊያ የመጡ ሁለት ፍሬዎች አድርገው ይግዙ፤ አራት መሰኪያ ባለው ማዘርቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው። በዲዲአር5 አራት ፍሬ መሰካት ፍጥነቱን ስለሚያወርድ፣ 64 ጊጋባይት የሚሻ ሰው ሁለት ባለ 32 ይውሰድ።

በመጨረሻ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው፣ ራሙ በማሸጊያው በተጻፈው ፍጥነት እንዲሠራ የሚያደርገውን ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የተባለ ቅንብር ያብሩ። ይህ ካልተደረገ ባለ 6000 ራም በ4800 ዝም ብሎ ሊሠራ ይችላል፤ እኔም ለወራት ሳላውቅ እንዲያ ስጠቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ራሙን ስለሚያስተካክል ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨልሞ ቢቆይ አያጥፉት። ሲነሳ በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ፍጥነቱን ይመልከቱ፤ ሲፒዩ-ዚ የተባለው የኮምፒውተር መረጃ ማሳያ ፕሮግራም 3000 ብሎ ቢያሳይ ግን አይደንግጡ፣ ራሙ በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ትክክለኛው ቁጥር የዚያ እጥፍ ነው።