ከባንክ በሚወጣ ዝርዝር ውስጥ የተለየ ሳንቲም እንዴት ይገኛል፣ ዋጋውስ እንዴት ይታወቃል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ አለኝ። ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙና እሸጣለሁ፤ ስለዚህ ዝርዝር ከእጄ እንዲጠፋ አልፈልግም። መልስ ሲያጥር ማስቲካ የሚሰጥ ብዙ ነው፤ እኔ ባንክ ሄጄ ሳንቲም አወጣለሁ። ያወጣሁትንም መሳቢያ ውስጥ ከማፍሰሴ በፊት አንድ በአንድ አየዋለሁ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ እውቀቱ ከባድ አይደለም። ሰፈር ውስጥ የሚጠይቁኝ ስለበዙ የማውቀውን ልጻፈው።

መጀመሪያ አጠያየቁ። የደመወዝ ሰሞን ባንክ ሄዳችሁ ሳንቲም አትጠይቁ፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ካሸሯም ቦርሳ ፈትታ የምትቆጥርበት ጊዜ የላትም። በወሩ አጋማሽ፣ ረፋድ ላይ ሂዱና በትህትና ጠይቁ፦ «እህቴ፣ ካለሽ የ500 ብር ሳንቲም ስጪኝ፤ የተደባለቀም ቢሆን ግድ የለኝም።» የተደባለቀው ነው የሚሻለው። በባለ አንድ ብሩ ሳንቲም ከሆነ 500 ፍሬ ነው፣ አንዱ 6.8 ግራም ስለሚመዝን ወደ 3.4 ኪሎ ይሆናል። በሽልን (በባለ 50 ሳንቲሙ) ከሆነ ግን 1,000 ፍሬ፣ 6 ኪሎ ነው። ፌስታል አይችለውም፤ ዘንቢል ያዙ።

ቀን መምረጥም ዋጋ አለው። እኔ የምወደው የንግሥ በዓል ያለፈበትን ሰሞን ነው፦ ኅዳር 12 ሚካኤልን፣ ኅዳር 21 ጽዮንን፣ ታኅሣሥ 19 ገብርኤልን ተከትሎ ያለውን ሳምንት። የሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ ተቆጥሮ ባንክ የሚገባው ያኔ ነው። አዛውንቶች ከሣጥን ሥር ያወጡት፣ ልጆች ከውጭ ከመጣ ሻንጣ ያገኙት ሳንቲም ሁሉ እዚያ ይቀላቀላል። ከታክሲ ረዳትና ከሱቅ የሚገባው ግን እዚያው የሚሽከረከር ስለሆነ ብዙም አዲስ ነገር የለውም።

ቤት ስትገቡ ሰፊ ትሪ ላይ አፍሱትና መጀመሪያ ዓመቱን አንብቡ። በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው፤ ፲ 10፣ ፻ 100፣ ፴ 30፣ ፷ 60፣ ፺ 90 መሆኑን ካወቃችሁ ሌላው ይመጣል። አብዛኛው ፲፱፻፷፱ ይላል፣ 1969 ማለት ነው። ፲፱፻፺፮ (1996) እና ፳፻ (2000) የሚሉም ይገኛሉ። መሐሉና ዙሪያው በቀለም የሚለየው፣ ሚዛን የተቀረጸበት ባለ አንድ ብር ደግሞ የ2002 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት ሳንቲሙ የተመታበት ዓመት ላይሆን ይችላል። 1969 የሚለው በዚያ ዓመት ብቻ አልተመታም፤ ዓመቱ ሳይቀየር ለብዙ ጊዜ ተመትቷል። ከዚያ በፊት የነበረው የጃንሆይ 1936ም እንዲሁ ነው። ስለዚህ «1936 ይላል፣ ውድ ነው» ብሎ መነሣት አያዋጣም። ልዩነቱ ያለው በብረቱ፣ በቅርጹና በይዞታው፣ ማለትም ምን ያህል ሳይጎዳ እንደቆየ፣ ላይ ነው።

ብረቱን ለመለየት ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። የ1969ኞቹ ስሙኒ (25 ሳንቲም) እና ሽልን የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ናቸው፣ 5 እና 10 ሳንቲሙ ናስ ነው፤ ማግኔት አይስባቸውም። በኋላ የመጡት ውስጣቸው ብረት ሆኖ ላያቸው የተለበጠ ስለሆነ ይሳባሉ። የተገላቢጦሽ የሆነ ካጋጠማችሁ ለብቻው አስቀምጡና መዝኑት። በ1969ኙ ሽልን 6 ግራም፣ ስሙኒ 3.7፣ 10 ሳንቲም 4.5፣ 5 ሳንቲም 3 ግራም ነው። ግራምን በነጥብ የምታሳይ ትንሿ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ለዚህ ሥራ የግድ ናት።

ከዚያ የአንበሳውን ራስ ተመልከቱ። በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ሁለት የ1969 ሳንቲሞች ጎን ለጎን ብታዩ አንዱ አንበሳ ራሱ አነስ ብሎ የአገጩ ጺም እኩል ነው፤ ሌላው ራሱ ገዘፍ ብሎ በግራ በኩል ሁለት የጺም ጫፎች ረዝመው ወደ ጠርዙ ይጠጋሉ። ሰብሳቢዎች ሁለቱን እንደ ተለያየ ዓይነት ነው የሚይዟቸው። በሬ የሚያርሰው የአሉሚኒየም 1 ሳንቲምም ከመገበያያነት ስለጠፋ፣ በተለይ ያልሟሸሸና ያልተጫጫረ ከሆነ፣ አትመልሱት። አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ትሪው ላይ ሲወድቅ ድምፁ ራሱ ይለያል።

ከሽልን መሐል ደጋግሞ የሚወጣልኝ የኤምሬትስ ድርሃም ነው። መጠኑም ክብደቱም ከሽልን ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ቆጣሪ እጅ አይለየውም፤ ጀበና የተቀረጸበት ስለሆነ ዓይን ግን ወዲያው ይለየዋል። አንድ ድርሃም ከሽልን እጅግ ይበልጣል። ባንኮች በአብዛኛው የውጭ ኖት እንጂ የውጭ ሳንቲም አይመነዝሩም፤ ስለዚህ አጠራቅሙና ዱባይ ለሚሄድ ሰው ስጡ።

አሁን ወደሚያጓጓው እንምጣ። የ1936ቱ መዳብማ ሳንቲም የንጉሡ ምስል ስላለበት ያስደስታል፣ ግን ብዙ ነው። ከእነዚህ ውስጥ መፈለግ ያለበት ክቡ ስሙኒ ነው። የ1936 ስሙኒ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተከረከመ መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል፤ መጀመሪያ የወጣው ግን ድፍን ክብ ነበር። መጠኑ ከብር ከተሠራው ሽልን ጋር ስለተቀራረበ እየተለበጠ በሽልን ስም ይሰጥ ጀመር። በዚህ ምክንያት ተሰብስቦ ጠርዙ ተከርክሞ ወጣ። በክብነቱ የወጣው 421,500 ያህል ብቻ ነው። ክቡን ካገኛችሁ ጠርዙን በጣታችሁ ዙሩት፦ በፋይል ተሞርዶ ክብ የተደረገ ከሆነ አንዱ ወገን ይሻክራል፣ የፊደሎቹም ጫፍ ወደ ጠርዙ ይጠጋል።

የ1936 ሽልን ደግሞ እውነተኛ ብር ነው። 7.03 ግራም ይመዝናል፤ መጀመሪያ የተመታው ከ1,000 እጅ 800፣ በኋላ የተመታው 700 ንጹሕ ብር አለው። በዝቅተኛው ብታሰሉት 4.9 ግራም ንጹሕ ብር በእጃችሁ አለ ማለት ነው። ወርቅ ቤት ገብታችሁ የዕለቱን የብር ግራም ዋጋ ጠይቁና በ4.9 አባዙት፤ ከዚያ በታች አትሽጡ። የዋጋው ወለል ያ ነው።

ሳንቲም የምታዩ መሆናችሁ ሰፈር ውስጥ ሲታወቅ ባንክ የማያወጣው ነገር ራሱ ቤታችሁ ይመጣል። አንዲት የጎረቤት እናት በመሐረብ ቋጥረው ሁለት ጥሬ ብር አመጡልኝ። «ልጄ፣ ለልጅ ልጄ ክርስትና መስቀል ላሠራበት ነው፤ አቅልጡልኝ ልበላቸው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ቆይ መጀመሪያ እንየው» አልኳቸው።

አንደኛው ማርትሬዛ ነበር፣ ጠገራ ብር። በፈረንጆች አቆጣጠር 1780 ይላል፤ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲህ በተለያየ አገር ያንኑ ዓመት ይዞ ሲመታ ኖሯል። 28.07 ግራም፣ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ያህል። አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ቀለበት ተበይዶበታል፤ ብየዳ ያለበት ደግሞ ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል፣ ከብሩ ግራም ብዙም አይርቅም። ሁለተኛው የምኒልክ ብር ነበር፣ ፲፰፻፹፯ የሚለው፣ ፓሪስ የተመታው። ክብደቱ ከማርትሬዛው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ብየዳ የለበትም፣ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሑፍ ሳይፋቅ ይነበባል፣ የንጉሡ ዘውድ ጌጥ እንኳ አልሟሸሸም። «እማማ፣ መስቀሉን ከባለ ቀለበቱ ያሠሩ፤ ይህን ግን እሳት እንዳያሳዩት» አልኳቸው። እንዲህ ዓይነቱን ብር ለማቅለጥ የሚቸኩል ሰው ሳይ ያመኛል። ግራሙ ሁለቱም ላይ አንድ ነው፣ ዋጋው ግን አንድ አይደለም።

እባካችሁ አታጽዱ። በአመድ፣ በሎሚ፣ በኮልጌት፣ በሽቦ የታሸ ሳንቲም ሲያበራ ያምራል፤ ሰብሳቢ ግን አንድ ጊዜ አይቶ ያውቀዋል፣ ግማሽ ዋጋ እንኳ ላይሰጥበት ይችላል። አፈር ካለበት በንጹሕ ውኃ አርጥባችሁ በለስላሳ ጨርቅ ሳታሹ አድርቁ፤ ከዚያ በላይ አትንኩት። ሳንቲሞቹ እንዳይፋጩ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልላችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ።

የሰብሳቢ ዋጋ ለማወቅ ኢንተርኔት ላይ ሻጭ የጠራውን ዋጋ አትመኑ። የጠራ ሁሉ አልሸጠም። የጨረታ ገጾች ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል፤ ዓመቱ፣ ብረቱና ይዞታው ከእናንተ ጋር የሚመሳሰለውን ሦስት አራት ፈልጉና መሐለኛውን ያዙ። ይዞታውን ስትገምቱ ለራሳችሁ አታድሉ፤ በፊቱ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ቦታ፣ ፀጉሩ፣ ጉንጩ፣ የአንበሳው ጎፈር፣ ከለሰለሰ የለሰለሰ ነው።

የምኒልክ ብርና ማርትሬዛ ሲገዙም ሲሸጡም ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ከ28 ግራም በግልጽ የጎደለ፣ ማግኔት የሳበው፣ ወይም ፊደሉ የቀለጠ ሳሙና የመሰለ ከሆነ ተዉት። የማርትሬዛ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ጎላ ያለ የላቲን ጽሑፍ መኖር አለበት፤ ጠርዙ ባዶ ከሆነ ሐሰተኛ ነው። ከምኒልክ ብር አላዱ፣ ማለት ግማሽ ብሩ፣ ወደ 14፣ ሩቡ ወደ 7 ግራም ይመዝናል።

መሠረት ሲቆፈር ወይም እርሻ ሲታረስ የወጣ፣ መስቀል ወይም ጨረቃ ያለበት ትንሽ የአክሱም ሳንቲም ካጋጠማችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ቅርስ ነው። በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። የተገኘበትን ቦታ ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ፣ ሳታጥቡት ለቅርስ ባለሥልጣን አሳዩ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዳችሁ የአክሱሞቹን አስቀድማችሁ ብታዩ ዓይናችሁ ይለምዳል።

የተረፈውን ዝርዝር ወደ ባንክ ስትመልሱ ስሙኒውን ከስሙኒ፣ ሽልኑን ከሽልን ለይታችሁ፣ በመቶ በመቶ ቋጥራችሁ መልሱ። ካሸሯ በሚቀጥለው ጊዜ የተደባለቀ ከረጢት ሲገባ ራሷ ታስቀምጥላችኋለች።