የቱርቦ ሞተር ሲገነባ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች፦ የ2ጄዜድ-ጂቲኢ አብነት

የቶዮታ 2ጄዜድ-ጂቲኢ ሞተር በቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ በሚልከው መሣሪያ) ወዳጆች ዘንድ ያገኘው ዝና ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሪስቶ፣ በ1993 ደግሞ በሱፕራ መኪና ላይ የተገጠመው ይህ ባለ 6 ሲሊንደርና 2,997 ሲሲ ሞተር፣ ብሎኩ ከጊዛ (ቀልጦ ከሚፈስ ብረት) የተሠራ፣ ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዘንግ (ክራንክሻፍት) በ7 ቦታ የተደገፈ በመሆኑ፣ ለጃፓን ገበያ ከተሰጠው 280፣ ለአሜሪካ ገበያም ከተሰጠው 320 የፈረስ ጉልበት እጅግ የሚበልጥ ኃይል መሸከም ይችላል። ይሁንና ከተሻሻለ በኋላ የተሰበረ ሞተር ተፈትቶ ሲመረመር፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በብረቱ ድካም ሳይሆን ሳይለካ በታለፈ ነገር ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የሞተሩን ዝና በእጅ ያለው ሞተር ጤና አድርጎ መቁጠር ነው። ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኘው ማንኛውም ጂቲኢ ቢያንስ የሁለት አሥርት ዓመታት ዕድሜ ያለው፣ ዘይቱ በየጊዜው ይቀየር እንደነበረም የሚያረጋግጥ ማስረጃ ብዙውን ጊዜ የሌለው ነው። ስለዚህ አንድም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የስድስቱም ሲሊንደሮች እመቃ (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ዝቅ ካለም ምክንያቱ ሳይታወቅ ሥራው መቀጠል የለበትም። ያለ ቱርቦ የተሠራውን 2ጄዜድ-ጂኢ ወንድሙ ነው ብሎ እንደ ጂቲኢ መያዝም ከዚሁ የሚመደብ ስህተት ነው። የጂኢው የእመቃ ምጣኔ 10 ለ1 ሲሆን የጂቲኢው 8.5 ለ1 ነው፤ በተጨማሪም ጂቲኢው ፒስተኖቹን ከሥር ዘይት እየረጩ የሚያቀዘቅዙ አፍንጫዎች አሉት።

ሁለተኛውና ብዙ ሞተር የበላው ስህተት ነዳጁ ሳይዘጋጅ የቱርቦውን ግፊት መጨመር ነው። የግፊት መቆጣጠሪያን መጠምዘዝ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ሁሉም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል ለአንድ እጅ ነዳጅ 14.7 እጅ አየር ይፈልጋል፤ በከፍተኛ ግፊት በሚሠራ ሞተር ግን ሙቀቱን ለመቀነስ ድብልቁ ወደ 11.5 ገደማ እንዲወርድ ይደረጋል። አየሩ ጨምሮ ነዳጁ ካልተከተለው ድብልቁ ይሳሳል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ይንራል፣ ሞተሩም ማንኳኳት ይጀምራል፤ ይህም ማለት ካንዴላው ከለኮሰው በኋላ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ይፈነዳል ማለት ነው። በማርሚታው ጩኸት መሃል ይህን ማንኳኳት አሽከርካሪው ላይሰማው ይችላል፤ ፒስተኑ ግን ይሰነጠቃል።

የሚያስፈልገው የነዳጅ መጠን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሊሰላ ይችላል። የቱርቦ ቤንዚን ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ወደ 270 ግራም ነዳጅ ይፈልጋል ብንል፣ 600 የፈረስ ጉልበት 162 ኪሎ ግራም፣ ለእያንዳንዱ ኢንጀክተር (ነዳጁን ወደ ሲሊንደሩ ለሚረጨው አፍንጫ) ደግሞ 27 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ኢንጀክተሩ ከጊዜው 85 በመቶ ብቻ ክፍት እንዲሆን ከተፈለገ በደቂቃ ከ700 ሲሲ በላይ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። የጃፓኑ ጂቲኢ ከፋብሪካ የሚመጣው በ440 ሲሲ፣ ወደ ውጭ የተላከው ደግሞ በ550 ሲሲ ኢንጀክተሮች ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ሒሳቡን ሳይሠሩ ቱርቦ የሚገዙ ሰዎች መብዛታቸው ያሳዝነኛል። የነዳጅ ፓምፑም በዚሁ ስሌት መመረጥ ይገባዋል፤ የድብልቁን ትክክለኛ መጠን የሚያነበው ሰፊ የመለኪያ ክልል ያለው የኦክስጅን ሴንሰርም ከቱርቦው በፊት እንጂ በኋላ የሚገዛ አይደለም።

ሦስተኛው ስህተት የፒስተን ሪንጎችን (በፒስተኑ ዙሪያ ሆነው ሲሊንደሩን የሚያሽጉትን ቀለበቶች) ከካርቶናቸው አውጥቶ እንዳሉ መግጠም ነው። ሪንግ ሲሞቅ ይረዝማል፤ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ከሆነ ጫፎቹ ይጋጫሉ፣ መሄጃ ያጣው ሪንግም የፒስተኑን ግድግዳ ይገነጥላል። በ86 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ላይ ለመንገድ መኪና በቱርቦ የሚሠራ የላይኛው ሪንግ ክፍተት በአብዛኛው ከ0.45 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይውላል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የፒስተኑ አምራች ያወጣው ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ሪንግ በሚሠራበት በራሱ ሲሊንደር ውስጥ ቀጥ ብሎ ገብቶ መለካት፣ ከጠበበም በጥቂት በጥቂቱ መሞረድ አለበት። ጥቂት ሰፋ ያለ ክፍተት የሚያስከትለው ትንሽ የግፊት ማምለጥ ነው፤ የጠበበው ግን ሞተር ያስከፍላል።

አራተኛው በትልቅነቱ ብቻ ቱርቦ መምረጥ ነው። ከፋብሪካ የመጡት ሁለት ቱርቦዎች በተራ የሚሠሩ ናቸው፤ በዝቅተኛ ዙር አንዱ ብቻውን ይሠራል፣ ዙሩ በደቂቃ ወደ 4,000 ሲጠጋ ሁለተኛው ይቀላቀላል። በእነሱ ምትክ አንድ ግዙፍ ቱርቦ የሚገጥም ሰው ግፊቱ እስኪመጣ ብዙ ዙር መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። የከፍታ ጉዳይም አለ። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ነው። በባሕር ጠለል ፍጹም ግፊትን (የከባቢውን አየር ግፊት ጨምሮ ያለውን ጠቅላላ ግፊት) ወደ 2 ባር ለማድረስ ቱርቦው አየሩን 2 እጥፍ ገደማ ቢያምቅ ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 2.6 እጥፍ ማመቅ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ሰው የሰጠውን የግፊት ቁጥር እንዳለ ወስዶ እዚህ ለመድረስ መታገል ቱርቦውን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ያሽከረክረዋል፣ አየሩንም ከልክ በላይ ያሞቀዋል።

ቱርቦውን ያለሰለሰውን ዘይት ወደ ሞተሩ ስለሚመልሰው የዘይት መመለሻ ቱቦ የምጽፈው ከራሴ በደረሰ ነገር ነው። በመጀመሪያ በሠራሁት ሞተር ላይ መመለሻው ጫፍ ላይ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ልባስ) በማስገባት ፈንታ ማሸጊያ ማስቲሽ አብዝቼ ቀባሁ፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ ቀዳዳውን አጠበበው። ዘይት ከቱርቦው የሚወጣው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ መውረጃ ሲያጣ በማሸጊያዎቹ አልፎ ወደ ጭስ ማውጫው ገባ፣ መኪናውም ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረ። ቱርቦው ተበላሽቷል ብዬ ፈታሁት፤ እሱ ግን ደህና ነበር። መመለሻው ሰፊ፣ ያልታጠፈና ከላይ እስከ ታች የሚያዘቀዝቅ መሆን አለበት።

በአጭሩ የሚታለፉ ሌሎችም አሉ። ከፍተኛ ግፊት የካንዴላውን ብልጭታ ስለሚያዳክም 1.1 ሚሊ ሜትር የሆነው የፋብሪካ ክፍተት ወደ 0.7 አካባቢ ይጠበባል። ትንሽ ዌስትጌት (ትርፍ ጭስን በቱርቦው ጎን የሚያሳልፍ በር) ከትልቅ ጭስ ማውጫ ጋር ሲገጠም ግፊቱ ከተወሰነለት በላይ ይወጣል። የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ብሎኖችም አምራቹ ባዘዘው ቅባት፣ ቅደም ተከተልና ኃይል እንጂ በእጅ ግምት መጥበቅ የለባቸውም።

የመጨረሻው ስህተት ሥራው የሚያልቀው ሞተሩ ሲነሣ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ነዳጁንና ማቀጣጠሉን የሚመራው የሞተሩ ኮምፒውተር ሳይስተካከል፣ መጀመሪያ በዝቅተኛ ግፊት ሳይፈተሽ መንገድ ላይ ሙሉ ኃይሉን መሞከር የወራት ልፋትን በሰከንዶች ያጠፋል። ከመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ዘይቱ ይቀየር፤ የወጣው ፊልትሮም ተቀዶ ወረቀቱ በብርሃን ይታይ። ጥቂት ደቃቅ ብናኝ ከአዲስ ሪንግ የሚጠበቅ ነው፤ በጣት የሚነካ የብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት ማረፊያ) ቅርፊት ከተገኘ ግን ሞተሩ ዳግም ሳይነሣ መፈታት አለበት።