ሌሊት የምትሠሩ የኮምቦልቻ ልጆች፣ እነዚህን ተዉ

ኮምቦልቻ ውስጥ በጤና ባለሙያነት እሠራለሁ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው ወደ እኔ የሚመጡት ወጣቶች ብዙ ናቸው። "እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ ሳልበላ ወፈርኩ" ይላሉ። እኔም ከሁሉ በፊት "ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ምን ትበላላችሁ?" እላለሁ።

ለስላሳ በዳቦ! ኧረ በፈጣሪ፣ ስንት ጊዜ ልናገር? ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው። በዚያ ሰዓት ኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን፣ እንደ ቀኑ አይሠራም። ያው ዳቦ ሌሊት ሲበላ የደም ስኳርን ከቀኑ የበለጠ ከፍ ያደርገዋል፣ ቶሎም አይወርድም። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ለውፍረትና ለስኳር በሽታ ያጋልጣል። አንድ ልጅ ውኃ ጥም አላስቆም ብሎት፣ ሽንት ቤት እየተመላለሰ፣ "የኮምቦልቻ ሙቀት ነው" እያለ ወራት ቆየ። ሲለካ ስኳሩ በጣም ከፍ ብሏል። ቀድሞ ቢመጣ ስንቱ በቀለለ! ዋናውን ምግብ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ብሉ። ሌሊት ከራባችሁ ትንሽ ቆሎ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል። መጠጡ ውኃ ይሁን።

"እለምደዋለሁ" ብላችሁ ፈረቃ በየጊዜው አትለዋወጡ። የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከበኞች ለአሥርት ዓመታት "ቀናቸው" 18 ሰዓት ነበር፤ 6 ሰዓት ተረኛ፣ 12 ሰዓት ከተረኛነት ውጪ። ባሕር ሥር ፀሐይ የለ፣ መስኮት የለ። ያም ሆኖ የውስጥ ሰዓታቸው ከ24 ሰዓት ገደማ አልነቃነቅ አለ። ባሕር ኃይሉም እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ወደ 24 ሰዓት ፕሮግራም መመለስ ጀመረ። እነዚያ ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ካልለመዱት፣ እናንተ ጓደኛ በለመናችሁ ቁጥር ሰውነታችሁን አታንገላቱት።

ሊነጋ ሲል ቡና አትጠጡ። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ጠዋት 4 ሰዓት ላይም ግማሹ አብሯችሁ ተኝቷል። ጫት ደግሞ ይብሳል። ጎረቤት "ቡና ጠጡ" ሲል እምቢ ማለት በወሎ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። "ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ" በሉ፤ ማንም አይቀየማችሁም።

ፀሐይ አትሽሹ። ወራት ባሕር ሥር የቆዩ መርከበኞች ቫይታሚን ዲያቸው፣ ሰውነት በፀሐይ የሚሠራው ቫይታሚን፣ ሲወርድ ታይቷል። ሌሊት ፋብሪካ፣ ቀን በተጋረደ ክፍል የምትውሉትም ከእነሱ ብዙ አትርቁም። በመስታወት የሚገባ ፀሐይ ለዚህ አይረዳም፤ ከእንቅልፍ ስትነሱ ደጅ ውጡ።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሐኪም አማክሩ።

ደሴ የምትኖሩ ደግሞ፣ አደራ! አድራችሁ ስትወጡ በሞተር ያን ጠመዝማዛ ዳገት አትውጡ። ሰርቪስ ካለ በሰርቪስ፣ ከሌለ በሚኒባስ ሂዱ።