የድመታችሁ ስኳር ከፍ ዝቅ ሲል፦ በአንድ ቁጥር አትደንግጡ

ድመቴ ዳመና ስኳር እንዳለባት የተነገረኝ 11 ዓመቷ ላይ ነው። ሜሪላንድ ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ እማዬና እሷ። ያኔ 7 ኪሎ ትመዝን ነበር። ውሃ ጠጥታ አትጠግብም፣ ጠዋት የተቀየረው የአሸዋ ሳጥን ማታ ረጥቦ ይገኛል፣ እየበላች ደግሞ ከወገቧ መክሳት ጀመረች። ኢንሱሊን ከጀመርን በኋላ ያሉት ሁለት ወራት በጣም ከበዱኝ። የደም ስኳሯ አንድ ጠዋት 400፣ ሌላ ጠዋት 90፣ ማታ 380። ከፍ ሲል ደንግጬ ኢንሱሊኑን እጨምራለሁ፣ ሲወርድ ፈርቼ እዘላለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ምግብ እሞክራለሁ። በኋላ ሐኪሟ ማስታወሻዬን አይታ በእርጋታ ነገረችኝ፦ «ስኳሯን ከሚንጡት ነገሮች ብዙዎቹ የእናንተ ለውጦች ናቸው።» ልክ ነበረች።

ይህን የምጽፈው ገና ለጀመራችሁ ነው። መጠኑን የሚወስነው ድመታችሁን የመረመራት የእንስሳት ሐኪም ነው፣ እኔ አይደለሁም። ግን ሌሊቱንም ቀኑንም አብራችኋት ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሐኪሙም የሚወስነው እናንተ ይዛችሁ በምትሄዱት መረጃ ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም ነገር አንድ ዓይነት አድርጉት

ኢንሱሊን ለድመት አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው። እኛ ቤት ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ነው። አንድ ሩብ ሰዓት ቢዛነፍ ችግር የለውም። ብትረሱ ግን በሚቀጥለው ጊዜ እጥፍ አትስጡ። ስትወጉ መድኃኒቱ ጸጉሯ ላይ ፈሰሰ ወይስ ገባ ብላችሁ ከተጠራጠራችሁም አትድገሙ፣ የሚቀጥለውን ሰዓት ጠብቁ። ምክንያቱም ለአንድ ግማሽ ቀን ስኳሯ ከፍ ቢል ትታገሰዋለች፤ በጣም ቢወርድ ግን በሰዓታት ውስጥ ልታጧት ትችላላችሁ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእሱ የሚመነጭ ነው።

ሲሪንጁ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኔ የተሳሳትኩበት ቦታ ስለሆነ። ኢንሱሊን በጥንካሬው ይለያያል። ለእንስሳት የሚሠሩት እንደ ፕሮዚንክና ቬትሱሊን ያሉት ዩ-40 ናቸው፣ ማለትም በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 40 ዩኒት አለ። ለሰው የሚሠራው ግላርጂን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዩ-100 ነው። ሲሪንጆቹም እንደዚያው ይለያያሉ። የዩ-40ን ኢንሱሊን በዩ-100 ሲሪንጅ አንድ መስመር ድረስ ከሳባችሁ የምትሰጧት 0.4 ዩኒት ብቻ ነው። በተቃራኒው የዩ-100ን ኢንሱሊን በዩ-40 ሲሪንጅ ከሳባችሁ አንዱ መስመር 2.5 ዩኒት ይሆናል፣ ለድመት ይህ የሚያሰጋ መጠን ነው። እኔ ከመድኃኒት ቤት የተሰጠኝን ሲሪንጅ ሳላነብ ለሦስት ሳምንት ስጠቀም ከርሜያለሁ። ጠርሙሱ ላይም ሲሪንጁ ላይም ያለውን ቁጥር አስተያዩ። ዩ-100 ከሆነ የግማሽ ዩኒት መስመር ያለውን 0.3 ሚሊሊትሩን ፈልጉ። ብዙ ድመቶች የሚጀምሩት በግማሽ ወይም በአንድ ዩኒት ስለሆነ በዓይን ግምት የሚሆን ነገር አይደለም።

እቤታችሁ ውስጥ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ፣ የእኛ ሰው ቤት ይህ ብርቅ አይደለም፣ የድመቷን ለብቻው በክዳን ዕቃ አድርጉት። እማዬም ስኳር አለባት። የሁለቱ ጠርሙሶች ፍሪጅ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙባቸውን ቀናት ሳስብ አሁንም እደነግጣለሁ።

ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ግን ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ራቅ አድርጉት። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይጠቅምም፣ ጣሉት። ግላርጂን እንደ ውሃ ጥርት ያለ መሆን አለበት፣ ከደፈረሰ አትጠቀሙበት። ፕሮዚንክ ደግሞ ደመናማ ነው፣ በመዳፋችሁ መካከል ቀስ ብላችሁ አንከባሉት። ስትወጉም አንድ ቦታ አትደጋግሙ። እኔ ጠዋት በቀኝ ጎኗ፣ ማታ በግራ ጎኗ ነው የምወጋት። ሁሌ አንድ ነጥብ ላይ ከተወጋች ቆዳው ይደድርና ኢንሱሊኑ አንድ ቀን በደንብ ይገባል፣ አንድ ቀን አይገባም።

እንጀራና ወጥ ለእሷ አይሆኑም

ድመት ሥጋ በል ናት። ጉበቷ ብዙ ስታርች በአንድ ጊዜ ሲመጣበት እንደ እኛ ቶሎ አያስተናግድም። ስለዚህ ስኳር ላለባት ድመት ፕሮቲኑ ብዙ፣ ካርቦሃይድሬቱ ትንሽ የሆነ የታሸገ እርጥብ ምግብ ይመረጣል። ደረቁ ምግብ፣ ውድ የሚባለው እንኳ፣ ብዙ ጊዜ ስታርች ይበዛበታል።

እኛ ጋ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። ድመት በእንጀራ በወጥ ነው ያደግነው፣ ወተት ማቅረብም እንደ ፍቅር ነው የሚታየው። ጤፍም ቢሆን ስታርች ነው፣ ወተትም የራሱ ስኳር አለው። ከሁሉ የከፋው ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ቢበስሉም ያው ናቸው። ስኳር ያለባት ድመት ደግሞ ለዚህ የበለጠ ተጋላጭ ናት። በፋሲካ እንግዶች ሲመጡ ዳመናን ሌላ ክፍል አስገባለሁ። በጣም የሚወዷት አክስቴ ናቸው ዶሮ ወጥ የሚያቀምሷት፣ «እትዬ፣ መድኃኒት ላይ ናት» ስላቸው ያዝኑላታል እንጂ አይቀየሙኝም።

አሁን ደግሞ ጥንቃቄ የሚፈልገው። ከደረቅ ምግብ ወደ እርጥብ ስትቀይሩ ለሐኪሙ ሳትናገሩ አታድርጉት። ስታርቹ ሲቀንስ የኢንሱሊን ፍላጎቷም ይቀንሳል፣ አንዳንዴ በቀናት ውስጥ። የድሮውን መጠን እየሰጣችሁ ምግቡን ከቀየራችሁ ስኳሯ በጣም ወርዶ ልትወድቅባችሁ ትችላለች። ወፍራምም ከሆነች በቀስታ ትክሳ፣ በፍጹም አታስርቧት። የተራበች ወፍራም ድመት ጉበቷ በስብ ይሞላል፣ እሱ ራሱ የሚገድል በሽታ ነው።

ከመውጋታችሁ በፊት መብላቷን እዩ። ካልበላች ወይም ካስመለሳት ሙሉውን መጠን አትስጡ፣ ደውሉ። ሐኪሜ ለእንደዚህ ዓይነት ቀን ምን ያህል እንደምሰጥ አስቀድማ በወረቀት ጽፋልኛለች። እናንተም አጽፉ፣ ሌሊት ላይ ጭንቅላት አይሠራም።

ከጆሮዋ ደም መውሰድ

የስኳር መለኪያ ቤታችሁ ይኑር። ሆስፒታል ስትሄድ ትፈራለች፣ ስትፈራ ደግሞ ጤነኛ ድመት እንኳ ስኳሯ 300 ሊደርስ ይችላል፣ ስለዚህ እዚያ የተለካው ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። በሰው ማሽን መለካት ይቻላል፣ ግን ድመት ላይ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። እንደ አልፋትራክ ያለ ለእንስሳት የተሠራ ማሽን ይሻላል። የትኛውንም ብትይዙ በመሃል አትቀያይሩት።

ካልሲ ውስጥ ሩዝ አድርጋችሁ ማይክሮዌቭ ውስጥ ለብ አድርጉት፣ እጃችሁ ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ ጆሮዋ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያዙት። የጆሮዋን ጫፍ በጣም ስስ በሆነ ቫዝሊን ቀቡት፣ ደሙ ጸጉሩ ውስጥ እንዳይጠፋ። ከኋላ ጥጥ ደግፋችሁ በደም ስሩና በጆሮዋ ጠርዝ መካከል ውጉ። ከዚያ ጥጡን ለትንሽ ጊዜ ጫን አድርጉ፣ ቁራጭ የተቀቀለ ዶሮ ስጧት። የመጀመሪያው ሳምንት ያስለቅሳል። በሁለተኛው ወር ዳመና ካልሲውን ስታይ ራሷ መጥታ ትቀመጥ ጀመር፣ ዶሮው እንደሚከተል ስላወቀች።

ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሴንሰርም አለ፣ ሊብሬ የሚባለው። ለሁለት ሳምንት ገደማ የተሠራ ነው፣ ድመት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይወድቃል። ጥሩ ነገር ነው። ዝቅ ያለ ቁጥር ካሳያችሁ ግን ከጆሮ ለክታችሁ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሥራ በማልገባበት ቀን በየሁለት ሰዓቱ ለክቼ የጻፍኩት የመጀመሪያው ሙሉ መዝገብ ይህ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከመርፌ በፊት፣ 390። 3 ሰዓት ላይ 280። 5 ሰዓት ላይ 150። 7 ሰዓት ላይ 95። 9 ሰዓት ላይ 170። 11 ሰዓት ላይ 290። ማታ 1 ሰዓት ላይ 380።

በሌላው ቀን እኔ የማየው ሁለቱን ጫፎች ብቻ ነበር፣ 390ንና 380ን። እሱን አይቼ ነው ኢንሱሊኑ አነሳት የምለው። ቀን 7 ሰዓት ላይ፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ፣ 95 ድረስ እንደምትወርድ የነገረኝ የለም። በዚያ ላይ አንድ ዩኒት ብጨምርባት የት እንደምትደርስ አስቡት። መጠን የሚስተካከለው የቀኑን ዝቅተኛ ቁጥር አይቶ ነው። ዝቅተኛው ከ80 እስከ 150 ባለው ውስጥ ካረፈ መጠኑ በቂ ነው ማለት ነው፣ ጠዋት ላይ 390 ቢሆንም እንኳ። የእሷ ችግር ኢንሱሊኑ 12 ሰዓት አለመድረሱ ነበር። አንዳንዱ ኢንሱሊን ድመት ሰውነት ውስጥ ቶሎ ያልቃል። ሐኪሟ ረዘም ወዳለው ወደ ግላርጂን ቀየረችላት፣ ጠዋትና ማታ ያለው ቁጥር ቀስ በቀስ ከ300 በታች ወረደ።

የቁጥሩ ትርጉም ለሁላችንም አንድ እንዲሆን፦ የምጽፈው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። እንግሊዝ አገር ላላችሁ ማሽናችሁ በሚሊሞል ካነበበ በ18 አባዙት። ስኳሯ ከ250 እስከ 300 አካባቢ ሲያልፍ በሽንት መውጣት ይጀምራል፣ ውሃ ጥሟ የሚመጣው ያኔ ነው። ግባችን እንደ ጤነኛ ድመት ቀኑን ሙሉ 100 ላይ ማቆየት አይደለም። አብዛኛውን ሰዓት ከ300 በታች፣ በጭራሽ ከ60 በታች ሳትሆን ብትውል በቂ ነው። መርፌ ከመውጋቴ በፊት ከ150 በታች ካገኘሁ ሳልደውል አልወጋም።

ለውጥ ካስፈለገ በሩብ ወይም በግማሽ ዩኒት ይሁን። ከዚያ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ጠብቁ። በዚያ ሳምንት ምግብም፣ ሰዓትም፣ መርፌ የሚወጋበት አካባቢም አይቀየር። አንድ ክፉ ቀን አይታችሁ አትንኩት።

ሁሉን አስተካክላችሁም አልረጋ ካለ

ሌላ በሽታ ፈልጉ። አፏን ክፈቱና ድዷን እዩ፣ የበሰበሰ ጥርስ ብቻውን ኢንሱሊኑን ሊያዳክመው ይችላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የቆሽት መቆጣት፣ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ሁሉም ስኳሩን ያናውጡታል። ለማሳከክ ወይም ለአስም ስቴሮይድ ተሰጥቷት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፣ አንድ ረጅም የሚቆይ መርፌ ለሳምንታት ሊያውካት ይችላል። መጠኑ በጣም ከፍ ብሎም ስኳሩ አልወርድ ካለ አክሮሜጋሊ የሚባል የእድገት ሆርሞን መብዛት አለ፣ በደም ምርመራ ይታያል።

ስኳር በክኒን ይታከማል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቤክሳካት የሚባለው ክኒን እ.ኤ.አ. በ2022፣ ሴንቬልጎ የሚባለው በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ ደግሞ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል። ግን እንደ ዳመና ኢንሱሊን ለለመደች ድመት አይደሉም፣ ኢንሱሊኑን አቁማችሁ በራሳችሁ አትሞክሩት።

ስኳሯ በጣም ሲወርድ

እግሯ ከተብረከረከ፣ እንደ ሰከረች ከሄደች፣ ያለ ወትሮዋ ምግብ ፍለጋ ከጮኸች፣ ከተንቀጠቀጠች ወዲያው ለኩ። መለካት ካልቻላችሁ ስኳሯ እንደወረደ ቁጠሩት። መዋጥ ከቻለች ምግብ ስጧት። ከደከመች ማር በጣታችሁ ድዷ ላይ ቀቡ፣ ሻይ ማንኪያ የሚሆን። ራሷን ስታ እየተንፈራገጠች ከሆነ አፏ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ጣታችሁንም ጥርሷ መካከል አታስገቡ፤ ከንፈሯን ገልጣችሁ ድዷን ብቻ ቀቡና ወደ ሐኪም ሩጡ። ብትነቃም ሂዱ። ማሩ ቶሎ ያልቃል፣ ኢንሱሊኑ ግን ለሰዓታት ሥራውን ይቀጥላል።

የተቃራኒውም አለ። ካልበላች፣ ደጋግሞ ካስመለሳት፣ ትንፋሿ እንግዳ ጣፋጭ ሽታ ካመጣ ኬቶን ሊሆን ይችላል፣ ማለትም ኢንሱሊን ሲያንሳት ሰውነቷ ስብ ሲያቃጥል የሚጠራቀም አደገኛ ነገር። የሽንት ኬቶን ስትሪፕ ርካሽ ነው፣ አሸዋው ላይ ሽንቷን ስታደርግ ጫፉን ነክራችሁ ታዩታላችሁ። ከተገኘ ጠዋት ድረስ አትጠብቁ።

ነገሩ ከረጋ በኋላም መለካት አታቁሙ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት በደንብ የተያዘች ድመት ቆሽቷ አገግሞ ኢንሱሊን የማያስፈልጋት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ የድሮው መጠን ይበዛባታል። ዳመና ከሁለት ዩኒት ተነስታ አሁን ግማሽ ላይ ናት። እሁድ እሁድ እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ የራሷን ትለካለች፣ ከዚያ እኔ ካልሲውን አሞቃለሁ። ያለፈው እሁድ ጠዋት 210 ነበረች፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ 110።