የሚያመልጥ ጠላትን በሰይፍ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች አብዛኛው ቴሌቪዥን የተያዘው በእግር ኳስ ነው። ሰይፍ ታጥቆ ጭራቅ የሚያሳድድ ተጫዋች ጥግ ይሰጠዋል። ከዚያ ጥግ የሚሰማው ምሬትም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «መታሁት እኮ! እንዴት አመለጠ?» በእኔ እምነት ጠላት የሚያመልጠው ከተጫዋቹ ስለሚፈጥን አይደለም፤ ተጫዋቹ ጠላቱ ሊያመልጥ በተዘጋጀበት ቅጽበት ስለሚመታ ነው። እንደ ኤልደን ሪንግ፣ ዳርክ ሶልስ እና ዊቸር 3 ባሉ ሮል ፕሌይንግ ጌሞች (ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይዞ በሚጫወትባቸው) ውስጥ ይህን ማስተካከል የሚቻለው በሚከተለው መንገድ ነው።

መታወቅ ያለበት ነገር

ማንኛውም የሰይፍ ምት ሦስት ክፍል አለው፦ መሣሪያው የሚነሳበት፣ የሚያርፍበት፣ ባለቤቱም ወደ ቦታው የሚመለስበት። ጉዳት የሚያደርሰው መካከለኛው ብቻ ነው። ማምለጥም እንደዚሁ ነው። በብዙ ጌሞች ዝላዩ ሲጀምር ዘላዩ ለጥቂት ፍሬሞች (ስክሪኑ ላይ ተከታትለው ለሚታዩ ነጠላ ምስሎች ያህል) ጨርሶ አይነካም፤ ስለቱ በደረቱ ውስጥ ቢያልፍ እንኳ ምንም አይሆንም። መሬት ሲረግጥ ግን ለአፍታ መምታትም መሸሽም አይችልም። የእርስዎ ጊዜ ያ አፍታ ነው።

በሰከንድ 60 ፍሬም በሚያሳይ ጌም አንድ ፍሬም የሚቆየው 17 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ሰው ደግሞ ያየውን ተረድቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በፍሬም ሲቆጠር 15 ማለት ነው። በዚህ ላይ ከባድ መሣሪያ የሚነሳበት ጊዜ ሲጨመር፣ ጠላት ማረፉን አይቶ መምታት የጀመረ ተጫዋች ሁልጊዜ ይዘገያል። ስለዚህ መምቻው ቁልፍ መጫን ያለበት ጠላት ገና አየር ላይ ሳለ ነው። በበዓል ዋዜማ ዶሮ ያሳደደ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ እጅ የሚላከው ዶሮዋ ወዳለችበት ሳይሆን ወደምታርፍበት ነው።

መጀመሪያ ሳይመቱ ይመልከቱ

አዲስ ጠላት ሲገጥምዎ ጋሻ ይያዙ ወይም ራቅ ብለው ዙሪያውን ይዙሩ። ወደ ውጊያ ዘልዬ ስገባ የሚያየኝ የአንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ልጅ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይዩት እንጂ!» እያለ ይቆጣኛል፤ እውነቱን ነው። በኤልደን ሪንግ ማረፊያው ላይ ሲቀመጡ አብዛኞቹ ተራ ጠላቶች እንደገና ስለሚነሱ አንዱን ጠላት ደጋግሞ ማጥናት ይቻላል።

የሚፈለገው ለአንድ ጥያቄ መልስ ነው፦ ይህ ጠላት እንዲሸሽ የሚያደርገው ምንድን ነው? አንዳንዱ እርስዎ መሣሪያ ማንሳት ሲጀምሩ ይዘላል። አንዳንዱ አንድ ሁለት ጊዜ ከተመታ በኋላ ብቻ ያፈገፍጋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሁለት ምት ሰጥቶ ሦስተኛውን ማቆየት ይበቃል። በዕድል የሚሸሽም አለ፤ አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ይቆማል። የኋለኛው ዓይነት አድካሚ ነው፤ ከእርሱ ጋር ከመጫወት ይልቅ እርሱ ሲያጠቃ ጠብቆ፣ ከምቱ ሳይመለስ መምታት ይሻላል። አብዛኛው ጠላት ሰይፉን እያወዛወዘ አይሸሽም።

ከዚያ ዝላዩን ያስወጡት

ምት ሲነሳ የሚሸሸውን ጠላት የሚይዘው ማታለል ነው። አጭርና ቀላል ምት ይሰንዝሩ፤ እንዲያገኘው አይጠብቁ። የምቱ ሥራ ዝላዩን ማስወጣት ብቻ ነው። ጠላት ሲዘል ወዳረፈበት አንድ እርምጃ ተጠግተው ሁለተኛውን፣ እውነተኛውን ምት ይላኩ።

በኤልደን ሪንግ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አለ፤ ከባዱን ምት በአር 2 (ጆይስቲኩ ላይ በቀኝ በኩል ባለው የኋላ ቁልፍ) ተጭኖ መያዝ ይቻላል። ክንድዎ ከፍ ሲል ጠላት ይዘላል፤ ቁልፉን የሚለቁት ግን እርሱ ሊያርፍ ሲል ነው። ይህንኑ ተንኮል ጌሙ ራሱ በተጫዋቹ ላይ ይሠራበታል። ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ጠላቶች አንዱ የሆነው ማርጊት በትሩን ሽቅብ አንስቶ ከሚጠበቀው በላይ ያቆየዋል፤ የቸኮለ ተጫዋች ቀድሞ ይንከባለልና ሲነሳ ምቱ ያገኘዋል። ማርጊትን በጥሞና ያየ ሰው ሌሎችን እንዴት እንደሚያታልል ከእርሱ ይማራል።

አንዳንድ ጠላቶች ደግሞ እርስዎ የመድኃኒት ጠርሙስ ሲያነሱ ያዩና ወዲያው ይወረወሩብዎታል። ይህም ይጠቅማል። ከበቂ ርቀት ሆነው ይጠጡ፤ ሲመጣ ወደ ጎን ይውጡ፤ ያን ጊዜ የሸሸው ሳይሆን የመጣው በእጅዎ ነው።

የምቱን ዓይነት ከሽሽቱ አቅጣጫ ጋር ያዛምዱ

ወደ ኋላ የሚዘልን ጠላት አግድም በሚጠርግ ሰይፍ መከተል ከንቱ ድካም ነው፤ ወደ ፊት የሚወጋ ጦር ወይም ቀጭን ሰይፍ ይደርስበታል። ወደ ጎን ለሚሸሸው ግን አግድም ጥረጋ ይሻላል፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ምት ባዶ መሬት ይቆርጣል። ግድግዳም አይርሱ። ጀርባውን ከግድግዳ ወይም ከዓምድ ጋር ያስጠጉት ጠላት ወደ ኋላ ቢዘልም ያው ከፊትዎ ነው። በዊቸር 3 ይርደን የተባለው አስማት መሬት ላይ ክብ ዘርግቶ የገባበትን ጠላት ያዘገያል፤ ሰይፍ ሳይይዛቸው እንደ ጥላ የሚያልፉትን መናፍስትም አካል ያለብሳቸዋል።

ቁልፉን አይደብድቡ

ብዙ ተጫዋች የሚወድቀው እዚህ ነው። በዳርክ ሶልስና በኤልደን ሪንግ አንድ እንቅስቃሴ ሳያልቅ የተጫኑት ቁልፍ ተመዝግቦ ይቆይና እንቅስቃሴው ሲያልቅ ይፈጸማል። በድንጋጤ ሦስት ጊዜ የጫነ ሰው ያልፈለገውን ምት ይሰነዝራል፤ ጠላት ካረፈ በኋላ ሰይፉ ገና በአየር ላይ ነው። አንድ ጊዜ ይጫኑ፣ ጣትዎን ያንሱ፣ ውጤቱን ይዩ። አልገባኝም የሚል ሰው ጆይስቲኩ ሲንኳኳ የሚሰማውን ድምፅ ያዳምጥ፤ ድምፁ የሚበዛ ከሆነ ችግሩ ተገኝቷል።

የጉልበት መስመሩንም (በመታችሁና በሸሻችሁ ቁጥር የሚቀንሰውን) ባዶ አያድርጉት። ለአንድ ሽሽት የሚበቃ ሁልጊዜ ይትረፍ፤ ጋሻ አንስተው ሲቆሙ መስመሩ የሚሞላው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ፋታ ሲያገኙ ጋሻውን ዝቅ ያድርጉ። በኤልደን ሪንግ የተሸከሙት ዕቃ ከአቅምዎ 70 በመቶ ካለፈ የራስዎ መንከባለል ይከብዳል፤ ያኔ የትኛውም የጊዜ ስሌት አያድንም።

ቴሌቪዥኑና ጆሮው

ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን የሚጫወቱ ከሆነ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው የጌም ሁነታውን ያብሩ። ምስሉን ለማሳመር የሚደረገው ሥራ ስለሚቀነስ ቁልፍ በተጫኑበትና ሰይፉ በተነሳበት መካከል ያለው መዘግየት ይቀንሳል። በፕሌይስቴሽን ቤት ግን ይህ በባለቤቱ እጅ ነው፤ ጠይቆ ማስተካከል ነውር የለውም። ማዳመጫም ይያዙ። ብዙ ጠላቶች ከመዝለላቸው በፊት ያጉረመርማሉ ወይም እግራቸው መሬት ይቧጥጣል፤ አጠገብዎ ግብ ገባ ብለው በሚጮሁ ወጣቶች መካከል ይህ አይሰማም።

ሁለትና ሦስት ሆነው ሲመጡ

እንደ ዊቸር 3 ተኩላዎች በቡድን የሚያጠቁ ጠላቶች ላይ ዕይታዎን በአንዱ ላይ መቆለፍ አደገኛ ነው፤ እርሱ ሲሸሽ ካሜራው ተከትሎት ሌላው ከኋላ ይነክሳል። የተቆለፈውን ዕይታ ይፍቱ፣ ሁሉም ከፊት እስኪሆኑ ወደ ኋላ ይሂዱ፣ የሸሸውን ይተዉት። መጀመሪያ የሚመታው አሁን የነከሰውና ገና ያልተመለሰው ነው።