ክሩ ሲከር ክርን ያማል፦ የቴኒስ ራኬት፣ ክርና ጫማ እንዴት እንደሚመረጥ

ራኬት ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ የትኛው ሻምፒዮን እንደሚጫወትበት ይጠይቃል፣ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። ሻጩ በመጨረሻ «ክሩስ ምን ይሁን?» ሲለው «አንተ ደስ ያለህን አድርግልኝ» ብሎ ይገላገላል። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። ግትር ፍሬም (ያለ ክሩ የራኬቱ አካል) ገዛሁ፣ ፖሊስተር ክር አስገባሁበት፣ እሱንም 26 ኪሎ ድረስ አስወጠርኩት፤ ጠበቅ ያለ ክር ኃይል ይሰጣል ሲሉ ሰምቼ ነበርና። ስድስት ወር ሳይሞላ በቀኝ እጄ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ ማንሳት አቃተኝ። ነገር ሲከር ይበጠሳል ይባላል። የኔ ክር ግን ደህና ነበር፤ የተጎዳው ክርኔ ነው።

ኳሷን የሚነካት ክሩ ነው፣ ፍሬሙ አይደለም። ተገናኝተው የሚቆዩትም ለ5 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ንዝረት ሁሉ በእጀታው አልፎ ወደ ክንድ ይመጣል። ስለዚህ ምርጫው ከክንድዎ ይነሳ፣ በፍሬሙ አልፎ ክሩ ላይ ይድረስ። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ይህን የተከተለ ነው።

1. መጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ

ክንድዎን፣ ትከሻዎን ወይም አንጓዎን አሞዎት ያውቃል? በሳምንት ስንት ጊዜ ይጫወታሉ? ኳስ ሲመቱ እጅዎን ከኋላ እስከ ፊት በረጅሙ ይወረውራሉ ወይስ አጠር አድርገው ይገፋሉ? ክር ምን ያህል ጊዜ ይበጥሳሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድም ክር በጥሰው የማያውቁ ከሆነ ለጥንካሬ ተብሎ የተሠራ ክር ምንም አይጠቅምዎትም፤ ጉዳቱን ብቻ ነው የሚሸከሙት።

2. ፍሬሙን በቁጥሮቹ ያንብቡ

ጀማሪ ሁሉ ቀላል ራኬት ይሻለኛል ብሎ ያስባል። ሱቅ ውስጥ በባዶ ሲያወዛውዙት እውነት ይመስላል፤ ኳስ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀላል ራኬት በኳሷ ይገፋል፣ በእጅ ውስጥ ይዞራል፣ ድንጋጤውንም ለክንድ ያስተላልፋል። ከበድ ያለው ግን በገዛ ክብደቱ ይመክታል። ለአብዛኛው አዋቂ ያለ ክር ከ280 እስከ 300 ግራም ጥሩ መነሻ ነው። አቅም ለሚያንሰው ከ260 እስከ 275 ግራም፣ ረጅም ምትና ጥሩ ጉልበት ላለው ደግሞ 305 እና ከዚያ በላይ። ፍሬሙ ላይ የሚጻፈው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክር ስለሆነ፣ ክሩ ከ15 እስከ 18 ግራም እንደሚጨምር አይርሱ።

ክብደቱ የት እንደተቀመጠም ወሳኝ ነው። ራኬቱን በአንድ ጣት ላይ አጋድመው ሚዛኑን ይፈልጉ። መደበኛ የአዋቂ ራኬት 68.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ መሃሉ 34 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሚዛኑ ከዚያ ወደ እጀታው ከቀረበ የራኬቱ ራስ፣ ማለትም ክር የተወጠረበት ክፍል፣ ቀላል ነው ማለት ነው፣ ለክንድም ይመቻል። በጣም ቀላል የሆኑት ራኬቶች ኳስ እንዲገፉ ተብሎ ክብደታቸው ከእጀታው ርቆ ወደ ራስ በኩል ይወሰዳል። እኩል 300 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ራኬቶች እጅ ላይ ሲወዛወዙ ፍጹም የተለያዩ የሚሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የራኬቱ ራስ ስፋት ለብዙ ሰው ከ98 እስከ 105 ስኩዌር ኢንች ቢሆን አይከፋም፤ 100 ስኩዌር ኢንች ማለት 645 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ነው። ሰፊው ከመሃል የወጣን ምት ይቅር ይላል፣ ጠባቡ ደግሞ ትክክለኛነት ላለው እጅ ይታዘዛል። በ95 የሚጫወት ጓደኛ ስላለዎት ብቻ 95 አይግዙ።

ግትርነት የሚለካበት ቁጥር ብዙ ጊዜ «አር ኤ» ተብሎ ይጠራል። ከ65 በታች ያለው ለስላሳ ወደሚባለው ያደላል፣ ወደ 70 የሚጠጋው ግትር ነው። ግትሩ ኃይል ይሰጣል፣ ድንጋጤውንም አብሮ ይሰጣል። ክንዱ የሚያመው ሰው ከዚህ ቁጥር በፊት ሌላውን አያንብብ።

በክሮቹ ብዛት ደግሞ 16 ቋሚና 19 አግዳሚ የሆነው ሳሳ ያለ ነው፤ ኳሷን የበለጠ ያሽከረክራል፣ ከፍም ያደርጋል። 18 በ20 የሆነው ጠቅጠቅ ያለ ስለሆነ ኳሷ ዝቅ ብላ፣ ቀጥ ብላ ትወጣለች።

3. የእጀታውን ውፍረት ይለኩ

ይህ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ራኬቱን ለፎርሃንድ፣ በመዳፍ በኩል ለሚመታው ምት፣ እንደሚይዙት ይጨብጡት። በቀለበት ጣትዎ ጫፍና በአውራ ጣትዎ ሥር መካከል በቀረው ክፍተት የሌላው እጅዎ ሌባ ጣት ከገባ ልኩ ያ ነው። ካልገባ ቀጭን ነው፣ እንዳይዞርብዎት ሲሉ አጥብቀው ስለሚጨብጡ ክንድ ይደክማል። ክፍተቱ ከሰፋ ደግሞ ወፍራም ነው፣ አንጓዎ አይታጠፍም። መጠኖቹ ከ0 እስከ 5 ይቆጠራሉ፤ 2 ቁጥር ዙሪያው 108 ሚሊ ሜትር፣ 3 ቁጥር 111 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሁለት መካከል ከተቸገሩ ቀጭኑን ይውሰዱ። በላዩ ኦቨርግሪፕ የሚባለውን ቀጭን መጠቅለያ ጠምጥሞ ማወፈር ይቻላል፣ ወፍራሙን መላጥ ግን ጣጣ ነው።

4. ክሩን ይምረጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። አራት ዓይነት ክሮችን ማወቅ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

የአንጀት ክር ከላም አንጀት የሚሠራ ነው። ባቦላ የተባለው ኩባንያ በፈረንሳይዋ ሊዮን ለቴኒስ የሚሆን የአንጀት ክር መሥራት የጀመረው በ1875 ነው፣ እስከዛሬም በለስላሳነትና ውጥረትን ይዞ በመቆየት የሚስተካከለው አልተገኘም። ጉድለቱ ሁለት ነው፤ ውድ ነው፣ እርጥበትም አይወድም።

ብዙ ቀጫጭን ጭረቶች ተጠምዝዘው የሚሠሩበት መልቲፊላመንት የአንጀትን ጠባይ በርካሽ ለመምሰል የተፈጠረ ነው። ክንዱን ለሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ የምመክረው ይህን ነው። እያረጀ ሲሄድ እንደ ጥጥ ይበታተናል፣ ያ የተለመደ ነው። ሦስተኛው በተለምዶ ሲንቴቲክ ጋት የሚባለው ተራ የናይሎን ክር ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለጀማሪም ምንም አይወጣለትም። ሰው የሚንቀው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ይመስለኛል።

አራተኛው ፖሊስተር ነው፣ ወሬውም ሁሉ ስለ እሱ ነው። በ1997 በዓለም 66ኛ ደረጃ ላይ የነበረው ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩዌርተን የሉክሲሎን ኩባንያን ፖሊስተር ክር ይዞ የፈረንሳይን ታላቅ ውድድር ሮላን ጋሮስን ሲያሸንፍ ዓለም ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ወዲህ የባለሙያዎቹ ክር ሆነ። ምሥጢሩ ማሽከርከሩ ላይ ነው። ቋሚውን ክር እንደ ድር፣ አግዳሚውን እንደ ማግ ያስቡት። ኳሷ በተጋደመ ምት ስታርፍ ድሩ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ፖሊስተር ለስላሳ ገጽ ስላለው ሳይያዝ ፈጥኖ ይመለሳል፣ ሲመለስም ኳሷን ይዞ ያሽከረክራታል። ክር ተንሸራቶ መመለሱ የቱን ያህል ኃይል እንዳለው ቀድሞም ታይቷል። በ1970ዎቹ በድርብርብ ክሮች የተሠራው «ስፓጌቲ» የተባለ ራኬት ኳሷን እጅግ ስላሽከረከረ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን በ1978 በሕግ ከለከለው።

ታዲያ ለምን ሁላችንም ፖሊስተር አንጠቀምም? ግትር ስለሆነ፣ ሳይበጠስም ስለሚሞት። ከ10 እስከ 20 ሰዓት ከተጫወቱበት በኋላ ብዙው ፖሊስተር ይደነዝዛል፤ ድሩ ይንሸራተትና በዚያው ይቀራል። ክሮቹን በጣት እያስተካከሉ የሚጫወቱ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። ባለሙያ በየጨዋታው ያስቀይራል፤ እርስዎና እኔ ግን ካልተበጠሰ ብለን ስድስት ወር እናቆየዋለን፣ የሞተውን ክር ደግሞ በክንዳችን ጉልበት እንተካለን። የኔ ታሪክ ይህ ነበር።

መካከለኛ መንገድም አለ፤ ሁለት ዓይነት ክር ማቀላቀል። ሮጀር ፌደረር ለዓመታት የተጫወተው በቋሚው የአንጀት ክር፣ በአግዳሚው ፖሊስተር አድርጎ ነው። እርስዎም መልቲፊላመንትን በቋሚው፣ ለስላሳ ፖሊስተርን በአግዳሚው ቢያደርጉ በቀላሉ ይሠራል።

ውፍረቱን በተመለከተ ከ1.25 እስከ 1.30 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ቀጭኑ ስሜት ይሰጣል፣ ወፍራሙ ይቆያል።

5. ውጥረቱን ይወስኑ

ጠበቅ ያለ ክር ኃይል ይሰጣል የሚለው ተረት ነው። የቴኒስ ኳስ በመመዘኛው መሠረት ከ254 ሴንቲ ሜትር ተለቃ ስትወድቅ የምትነጥረው ከ135 እስከ 147 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ጉልበቷን ወደ ግማሽ የሚጠጋ እየተጨፈለቀች ታባክነዋለች ማለት ነው። ክር ግን ተለጥጦ የተቀበለውን አብዛኛውን ይመልሳል። ስለዚህ ክሩ ላላ ሲል እሱ ይለጠጣል፣ ኳሷ ብዙም አትጨፈለቅም፣ ጉልበቱ ይተርፋል። የጠበቀ ክር የሚሰጠው ኳሷ አጥራ የምትወድቅበትን ቁጥጥር ነው። ልዩነቱ በፍጥነት ሲለካ ትንሽ ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ኳሷ መስመር ውስጥ መውደቅና መውጣቷን ሊወስን ይችላል።

ፍሬሙ ላይ የተጻፈ ክልል አለ፣ ለምሳሌ ከ22 እስከ 26 ኪሎ። በፓውንድ ከተጻፈ ለ2.2 ያካፍሉት። ለመልቲፊላመንትና ለናይሎን ከመሃሉ ይጀምሩ። ለፖሊስተር ከዚያ 2 ኪሎ ይቀንሱ፣ ክንድዎ ከታመመ ደግሞ በማንኛውም ክር ወደ ታችኛው ጫፍ ይውረዱ። ኳሷ ሁልጊዜ ከኋላ መስመር ካለፈች አንድ ኪሎ ይጨምሩ፣ መረብ ካልተሻገረች አንድ ኪሎ ይቀንሱ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ በላይ አይለውጡ፣ ክሩንና ውጥረቱንም አብረው አይቀይሩ፤ የትኛው እንደረዳዎት ሳያውቁት ይቀራል።

6. ከመግዛትዎ በፊት ይጫወቱበት

የሙከራ ራኬት የሚያውሱ አሉ፣ ካልሆነም ከጓደኛ መዋስ ነው። ውስጡ ምን ክር በስንት ኪሎ እንደተወጠረ አስቀድመው ይጠይቁ፤ አለዚያ የሚፈትኑት የሌላ ሰው ክር ይሆናል። ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይጫወቱ፣ ሰርቪስም፣ ኳሷ መሬት ሳትነካ የሚመታውን ቮሊም ይሞክሩ። በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ሁሉም ራኬት ጥሩ ነው፤ እውነቱ የሚወጣው ሲደክሙ ነው፣ ይበልጡንም በማግስቱ ጠዋት ክንድዎን ሲያጥፉ።

ለልጅ የአዋቂ ራኬት አጭር ይዞ እንዲጫወት አይስጡት። የልጆች ራኬት ከ19 እስከ 26 ኢንች ይገኛል፤ ቆሞ ክንዱን ዘርግቶ ሲያወርደው ጫፉ መሬት ለመንካት ከደረሰ ይበቃዋል። ኳሱም ቀዩ፣ ብርቱካናማው ወይም አረንጓዴው ይሁን፤ ከተራው ኳስ በቅደም ተከተል በ75፣ በ50 እና በ25 በመቶ ገደማ የዘገዩ ናቸው።

7. ጫማውና የቀረው

ከራኬቱ ገንዘብ ቆርሰው ጫማ ላይ ያውሉ። የሩጫ ጫማ ወደ ፊት ለመሄድ የተሠራ ነው፣ ተረከዙ ከፍ ያለና ለስላሳ ስለሆነ ወደ ጎን ሲዞሩ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል። የቴኒስ ጫማ ጎኑ ጠንካራ፣ ወደ መሬት የቀረበ ነው። ለሸክላ ሜዳ ሶሉ የዓሣ አጥንት የመሰለ ጥልፍ ያለው፣ ለሲሚንቶ ሜዳ ደግሞ ወፍራምና የማያልቅ ሶል ያለው ይምረጡ።

በክሩ ላይ የምትሰካው ትንሽ ጎማ ድምፁን ታጠፋለች፤ ክንድን ታድናለች የሚለውን ግን አይመኑ፣ ከፍሬሙ የሚመጣውን ንዝረት ብዙም አትነካውም። ከሰኩም ክሮቹ ከሚጠላለፉበት ውጭ መሆን አለባት፣ ሕጉ እንዲህ ነው። ኦቨርግሪፕ መንሸራተት በጀመረ ቀን ይቀየር። የሞተና ውሃ የጠጣ ኳስ ደግሞ ይጣል፤ ለስላሳ ክር ገዝቶ በድንጋይ ኳስ መጫወት ገንዘብ ማባከን ነው።

8. ክሩን በወቅቱ ይቀይሩ

የተለመደው ደንብ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጫወት በዓመት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቀይር የሚል ነው፤ ፖሊስተር ከሆነ ከዚያም በላይ። ክር ባይጫወቱበትም ይላላል፣ ብዙውን ውጥረት የሚያጣውም ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ራኬት ደግሞ የባሰ ይላላል። የተወጠረበትን ቀን፣ የክሩን ዓይነትና ኪሎውን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከእጀታው በላይ ይለጥፉ።

ክንድዎ ሕመሙን ካልተወ ጨዋታ ያቁሙና ሐኪም ይዩ፤ ክር መቀየር ሕክምናን አይተካም። እኔ ካረፍኩ በኋላ ፍሬሙን አልጣልኩትም፣ በመልቲፊላመንት 22 ኪሎ አስወጠርኩት፣ አሁንም የምጫወትበት እሱኑ ነው። ሜዳ ላይ አንድ ክር ከተበጠሰ ደግሞ ሌሎቹን እንዳሉ አይተዉ፤ ፍሬሙ ባልተመጣጠነ ውጥረት እንዳይጣመም መቀስ ይዘው ከመሃል ወደ ዳር፣ ቋሚውንና አግዳሚውን እያፈራረቁ ሁሉንም ይቁረጧቸው።